ሶልሄይማሳንዱር፦ ጥቁሩ አሸዋ ላይ የቀረው ዳኮታ፣ መንገዱና አውቶቡሱ

በአይስላንድ ደቡብ ጠረፍ፣ ከባሕሩ ጥቂት መቶ ሜትር ገባ ብሎ፣ ክንፍም ጭራም የሌለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላን ጥቁር አሸዋ ላይ ተጋድሟል። የወደቀው በኖቬምበር 1973፣ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1966 ዓ.ም. ነው። ከተሳፈሩት አንድም ሰው አልሞተም። ያኔ ሰው ዝር የማይልበት ዳርቻ ነበር፤ ዛሬ በጁላይ እኩለ ቀን የደረሰ ሰው ፎቶ ለመነሳት ተራ ይጠብቃል። ቦታው ሶልሄይማሳንዱር ይባላል። የምንመዝነው አውሮፕላኑን ብቻ አይደለም፤ እሱን ለማየት የሚቀርበውን አገልግሎት ጭምር ነው፦ የመኪና ማቆሚያውን፣ አውቶቡሱን፣ ባለአራት ጎማ ሞተሩን፣ በነፃ የሚኬደውንም የእግር መንገድ። ከዚህ በኋላ ወሩም ዓመቱም ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ፍርዳችንን እናስቀድም። አውሮፕላኑ መታየት ይገባዋል፤ የሚያየውን አውቆ የሚሄድ ሰው ረክቶ ይመለሳል፣ ለአንድ ፎቶ ብቻ የሚሄድ ግን ድካሙ ይበዛበታል። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ነፋሱ ጸጥ ባለ ቀን፣ በእግር መሄድ ደስ ይላል። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል አውቶቡሱን ያዙ። ይህን የምንለው ለምቾት አይደለም፤ ያ ሜዳ በብርዱ ወራት ሰው ገድሏል።

ስለ አውሮፕላኑ እንጀምር። ብዙ ሰው ዲሲ-3 ይለዋል። ከእውነቱ ባይርቅም ትክክለኛ ስሙ ዳግላስ ሲ-117ዲ ነው። ዳግላስ የተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ፋብሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቀድሞውን ዲሲ-3 አሻሽሎ «ሱፐር ዲሲ-3» በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። አየር መንገዶች ብዙም አልገዙትም፤ ከጦርነቱ የተረፈ ርካሽ ዲሲ-3 በየቦታው ሞልቶ ነበርና። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግን እጁ ላይ ከነበሩት አሮጌዎቹ ወደ 100 የሚጠጉትን ለፋብሪካው መልሶ እንደ አዲስ አሠራቸው። ከክንፉ ፊት ያለው የቀፎው ክፍል በ1 ሜትር ገደማ ረዘመ። እያንዳንዳቸው 1,475 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ራይት ሳይክሎን ሞተሮች ተገጠሙ። የክንፉ ጫፍና ጭራው ክብነታቸው ቀርቶ እንደተቆረጠ ሰሌዳ ቀጥ አሉ፤ ጭራው ከፍ ብሎ ተሠራ። ጎማዎቹ ሲታጠፉ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍናቸው በር ተበጀላቸው።

ችግሩ፣ ከእነዚህ መለያዎች አብዛኞቹ ዛሬ ቦታው ላይ የሉም። ጭራው የለም፣ የክንፎቹ ውጪኛ ክፍል የለም፣ ሞተሮቹ የሉም። የቀረው ዋናው ቀፎና በግራና በቀኝ ሞተሮቹ ይታሰሩባቸው የነበሩት የክንፍ ጉማጆች ናቸው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የአንድ ሙሉ ሲ-117ዲ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ቀፎው አጠገብ ቆማችሁ የጎደለውን በዓይነ ኅሊና ካልሞላችሁት ያ ማሽን ምን ያህል ግዙፍ እንደነበር አይገባችሁም፤ ሙሉ ሳለ ርዝመቱ ከ20 ሜትር በላይ፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 27 ሜትር ነበር።

በዕድሜ ገፋ ያሉ ኢትዮጵያውያን ግን ይህን ቀፎ ሳይነገራቸው ያውቁታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኤፕሪል 1946 ከአዲስ አበባ በአስመራ አድርጎ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ ቤተሰብ አውሮፕላን፣ የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት በሆነው በሲ-47 ነው። በአገር ውስጥም ለብዙ ዓመታት በየሣር ሜዳው ሲያርፍ የኖረው «ዳኮታ» እሱ ነው፤ ጭራው ሥር ባለች ትንሽ ጎማ ተደግፎ አፍንጫውን ሽቅብ የሚያቀና፣ ተሳፋሪው ወንበሩ ጋ ለመድረስ ዳገት የሚወጣበት። አውሮፓ ያላችሁ ልጆች ወላጆቻችሁን አይስላንድ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ቦታ አትዝለሉት። የሼንገን ቪዛ ወይም የሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም።

አወዳደቁን በተመለከተ፣ አውሮፕላኑ በምሥራቅ በኩል ሆፍን አቅራቢያ ለሚገኘው የራዳር ጣቢያ ዕቃ አድርሶ ወደ ኬፍላቪክ የጦር ሰፈር ሲመለስ ነበር። ለዓመታት ሲነገር የኖረው ወሬ አብራሪው ነዳጁ ያለቀ መስሎት፣ ማዞሪያውን ወደ ሙሉው ታንከር ሳይመልሰው ቀርቶ ወደቀ የሚል ነው። አስጎብኚዎች ይህን ወሬ ይወዱታል፤ አጭር ነው፣ ያስገርማል። የበረራ ባልደረቦቹ ኋላ የሰጡት ምስክርነት ግን የሚያነሳው በረዶን ነው፤ የደቡብ አይስላንድን የኖቬምበር አየር ለሚያውቅ ሰውም ይኸኛው ነው የሚታመነው።

በረዶ አውሮፕላንን እንዴት እንደሚጥል ማወቅ ጉብኝቱን ይለውጠዋል። ደመና ውስጥ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ግን ገና ያልረጋ የውሃ ጠብታ አለ። ጠብታው የክንፉን ፊት እንደነካ ይረጋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ለስላሳው የክንፍ ጠርዝ ሻካራና ጎርባጣ ይሆናል። ከክብደቱ ይልቅ የሚጎዳው ይህ የቅርጽ መበላሸት ነው፤ አየሩ ክንፉን ተከትሎ መፍሰሱን ያቆምና አውሮፕላኑን የሚያነሳው ኃይል ይወርዳል። ፕሮፔለሩም ላይ ይጋገራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ከሁሉ የከፋው ቤንዚንና አየር በሚደባለቁበት ካርቡሬተር ውስጥ የሚሆነው ነው። ቤንዚኑ ወደ ትነት ሲለወጥ ሙቀት ስለሚስብ ጉሮሮው ከውጭው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ እዚያ ይረጋና የአየሩን መተላለፊያ ይዘጋል። ሞተሩ ምንም ሳይሰበር ትንፋሽ አጥቶ ይደክማል።

ሜዳው ላይ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። ኤይያፍያትላዮኩትል ከ1,600 ሜትር በላይ፣ ሚርዳልስዮኩትል ወደ 1,500 ሜትር፤ ሁለቱም በበረዶ ግግር የተሸፈኑ። ዞር በሉና ደቡብን እዩ፤ በኖቬምበር ሰው ለብዙ ጊዜ የማይቆይበት አትላንቲክ። በሁለቱ መካከል ያለችው አግድም ጥቁር መሬት ብቻ ናት። በአገሬው ቋንቋ «ሳንዱር» ይሏታል፤ እሳተ ገሞራው ካትላ ከበረዶው ሥር ሲፈነዳና ግግሩ ሲቀልጥ በሚወርደው ጎርፍ የተነጠፈ የአሸዋና የጠጠር ሜዳ ናት። ዛፍ የለባትም፣ ቋጥኝ የለባትም። አብራሪዎቹ በሕይወት የተረፉት እሷን አግኝተው ነው። ይህንን አቀማመጥ በዓይን ማየት፣ በእኛ ግምት፣ ከአውሮፕላኑ ፎቶ ይበልጣል፤ ብዙ ጎብኚ ግን ጀርባውን ሰጥቶት ይመለሳል።

ባሕር ኃይሉ የሚጠቅመውን ነቅሎ ቀፎውን ትቶት ሄደ። ማንሳቱ ከዋጋው ይበልጥ ነበር። እስከ 2010ዎቹ ድረስ መኪና ያለው ሰው በአሸዋው ላይ ነድቶ አጠገቡ ያቆም ነበር። በ2015 አንድ ታዋቂ ዘፋኝ ቀፎው ላይ ቆሞ የሙዚቃ ቪዲዮ ከሠራ በኋላ ግን ሰዉ በዛ። ሾፌሮች ከመስመሩ እየወጡ ሜዳውን በጎማ አረሱት፣ መንገድ የሚጠፋውም ተበራከተ። በማርች 2016 የመሬቱ ባለቤቶች መንገዱን ለመኪና ዘጉት። ውሳኔያቸው ተገቢ ነበር ብለን እናምናለን፤ እዚያ የጎማ ዱካ ቶሎ አይጠፋም፣ አንዱ የተወውን ሌላው ይከተለዋል።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። ከሬይክያቪክ በቀለበት መንገዱ፣ ማለትም በመንገድ ቁጥር 1፣ ወደ ምሥራቅ 160 ኪ.ሜ. ያህል ነው፤ ሳትቆሙ ከነዳችሁ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ስኮጋፎስ ፏፏቴን ካለፋችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ማቆሚያው በስተቀኝ ይመጣል። ከቪክ ከተማ ለሚመጣ ከ25 ኪ.ሜ. አይበልጥም። ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ ይከፈልበታል፤ ክፍያው በመኪናው ታርጋ ቁጥር ነው። በኪራይ መኪና የሚሄድ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሳይከፍል ይሄዳል፣ ሂሳቡ ለአከራዩ ይላካል፣ አከራዩም የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ ከካርዱ ይቆርጣል። የአይስላንድ ታርጋ ላይ «ኦ» ፊደልና ዜሮ ይምታታሉና ቁጥሩን ከመኪናው ፎቶ አንስታችሁ እያያችሁ አስገቡ። የአውቶቡሱም የማቆሚያውም ዋጋ በየዓመቱ ስለሚለወጥ በዕለቱ የተለጠፈውን እዩ።

የእግር መንገዱ አንድ ወገን ወደ 4 ኪ.ሜ. ነው፤ ደርሶ መልስ 7 ወይም 8 ኪ.ሜ.። ዳገትም ቁልቁለትም የለውም። በደህና አየር መሄጃው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ መመለሻው ያው፣ ቦታው ላይ ግማሽ ሰዓት፤ በድምሩ 2 ሰዓት ተኩል ያዙለት። ችግሩ ያለው ቀጥ ማለቱ ላይ ነው። መንገዱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ግራ ቀኙ አንድ ዓይነት ጥቁር ጠጠር ነው፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። ከ20 ደቂቃ በኋላ ምንም ያልሄዳችሁ ይመስላችኋል። አውሮፕላኑ ከሩቅ አይታይም፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስላለ ብቅ የሚለው ልትደርሱ ስትሉ ነው። ብዙ ሰው ልጅ አዝሎ ወይም ስስ ጫማ አድርጎ ይነሳና «ትንሽ ነው የቀረው» እያለ ከማይችለው በላይ ይሄዳል፤ የሄደውን ያህል መመለስ እንዳለበት የሚያስበው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የነፋስ ነው። መንገዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ከሆነ ሲሄዱ ከጀርባ ይገፋል፤ ሰው ቀኑ የተመቸ መስሎት ፈጥኖ ይደርሳል። ሲመለስ ያው ነፋስ ፊቱ ላይ ነው፣ አሁን ደክሟል፣ አሁን ላቡ በርዶበታል። ስለዚህ መሄጃው ከመጠን በላይ ከቀለላችሁ ከመንገዱ አጋማሽ ሳታልፉ ቆም ብላችሁ ወደ ኋላ ዙሩና 100 እርምጃ ተራመዱ። ዓይናችሁን መክፈት ካቃታችሁ ወይም እርምጃችሁ ከተዛባ ተመለሱ። የአይስላንድ ትንበያ ነፋስን የሚለካው በሴኮንድ በሜትር ነው። እስከ 10 ድረስ ጥሩ ነው። 15 ሲደርስ መራመድ ይከብዳል፣ አሸዋው ይነሳል። 20 ከሆነ በእግር አትውጡ። ቴርሞሜትሩ ዜሮ ዲግሪ እያለ በ20 ሜትር ነፋስ ሰውነት የሚሰማው ወደ -9 ነው፤ ያውም ልብሱ ደረቅ ከሆነ።

በጃንዋሪ 2020 ሁለት ወጣት ቻይናውያን ጎብኚዎች በዚህ መንገድ አካባቢ ሞተው ተገኝተዋል። መንገዱ ገደል የለውም፣ ወንዝ አያሻግርም፣ አውሬ የለበትም። በዚያ አየር ግን መሸሸጊያ የሚሆን አንድ ድንጋይ እንኳ የለም። አንዳንዱ ሰው «ማዕበል ቢመጣ አውሮፕላኑ ውስጥ እንገባለን» ይላል። ቀፎው ጭራው የተቆረጠ፣ መስኮቶቹ የወለቁ፣ አፍንጫው የተከፈተ ነው፤ ነፋሱ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ውስጡ ከውጭው የባሰ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አለ። በመጠለያነት አትቁጠሩት።

አውቶቡሱ ከማቆሚያው ተነስቶ በዚያው ቀጥ ባለ መንገድ በጥቂት ደቂቃዎች ያደርሳል፤ ትልልቅ ጎማ ያለው፣ ለአሸዋ የተዘጋጀ መኪና ነው። ትኬቱ ደርሶ መልስ ነው። አረጋውያንን፣ ትንንሽ ልጆችንና ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ለያዘ ሰው ሌላ የሚነጻጸር አማራጭ የለም። ጉድለቱም መነገር አለበት። አየር ሲከፋ ይቆማል፤ ስለዚህ ከከተማ ከመነሳታችሁ በፊት መሥራቱን አረጋግጡ። ለትንሽ ብረት ቁራጭ ዋጋው ውድ ነው የሚል ቅሬታም ይሰማል፤ በሞቃቱ ወራት ለሚሄድ ጤነኛ ወጣት ቅሬታው ልክ ነው። በጃንዋሪ ለሚሄድ ግን አይደለም። ከመሳፈራችሁ በፊት ሾፌሩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ የመጨረሻው መመለሻ ስንት ሰዓት ነው? ያን ያመለጠው ሰው 4 ኪሎ ሜትሩን በእግሩ ይመጣል፣ ምናልባትም በጨለማ።

አውቶቡስ የማትይዙ ብትሆኑ እንኳ የአውቶቡሱን ሰዓት እወቁት። ሰው የሚመጣው በቡድን በቡድን ነው። አንድ አውቶቡስ ሲያራግፍ ሁሉም በአንዴ ቀፎው ላይ ይፈሳል፤ እያንዳንዱ ፎቶውን አንስቶ እስኪጨርስ ሩብ ሰዓት ይወስዳል፣ ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል። የቸኮለ ሰው እንደደረሰ በሰው መሀል ተጋፍቶ ያነሳል። ያልቸኮለ መጀመሪያ ዙሪያውን ይዞራል፣ ተራሮቹን ያያል፣ ሰዉ ሲሳሳ ይቀርባል። በጁን እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ብርሃን አለና በእግር የሚሄድ ሰው ከማታው 9 ሰዓት በኋላ ቢደርስ ቀፎውን ባዶውን ያገኘዋል፤ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ የላሜራውን ጎድጓዳና ጉብታ ሁሉ ታወጣዋለች። በዲሴምበር መጨረሻ ግን ፀሐይ ከ11 ሰዓት በኋላ ወጥታ 15:30 አካባቢ ትጠልቃለች። ያኔ በእግር የሚሄድ ከ12 ሰዓት በኋላ ከማቆሚያው መነሳት የለበትም። በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን የሰሜን ብርሃን (አውሮራ) ከአውሮፕላኑ በላይ ለማንሳት በሌሊት የሚሄዱ አሉ። ሁለት የግንባር መብራት፣ ቦታውን የሚያውቅ አስጎብኚና ነፋስ የሌለበት ሌሊት ከሌላችሁ አንመክረውም።

ባለአራት ጎማ ሞተሩን በአጭሩ፦ ከሁሉ ውዱ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፣ በአስጎብኚ ይመራል፣ አስደሳች ነው። አውሮፕላኑን ለማየት ለሚሄድ ሰው ግን አስፈላጊ አይደለም፤ የሚከፍሉት ለግልቢያው ነው።

ቀፎው አጠገብ ስትደርሱ እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ጠርዙን እዩ። የአውሮፕላን ላሜራ ከ1 ሚሊሜትር የሚሳሳ አሉሚኒየም ነው። ጥንካሬው የመጣው ከሥሩ ካሉት የጎድን አጥንት መሳይ ቀለበቶችና ላሜራውን ከሚያያይዙት በሺህ የሚቆጠሩ ምስማር መሳይ ሪቬቶች ነው። ላሜራው በተቀደደበት ሁሉ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ክዳን ስለት አውጥቷል፤ እጅም ልብስም ይቀድዳል። ጓንት አድርጉ፣ ልጆች ውስጥ ሲገቡ እጃቸውን ያዙ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ከጉዞው በፊት ተወጉ። ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ሽቦዎች አሉ፣ ወለሉ በቦታው ክፍት ነው። ኮክፒቱ ውስጥ መሣሪያ የሚባል ነገር አልቀረም፤ ተነቅሎ አልቋል። ከኋላ፣ ጭራው ከተቆረጠበት በኩል ቆማችሁ ወደ ፊት ስታዩ ግን ቀለበቶቹ እየጠበቡ እስከ አፍንጫው ይሄዳሉ፣ በመስኮቶቹ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ይተኛል። ለመሐንዲስም ለፎቶ አንሺም ቦታው ያ ነው።

ሪቬቶቹን ቀረብ ብላችሁ እዩዋቸው። አሸዋ ያዘለው ነፋስ ራሳቸውን ይፍቃል። የአውሮፕላን ላሜራ እንዳይበላ በንጹሕ አሉሚኒየም ስስ ሽፋን ይለበጣል። የባዛልት አሸዋ ይህን ሽፋን ይፍቀዋል፤ ከሥሩ ያለው ቅይጥ ብረት ሲጋለጥ የባሕሩ ጨው ይጀምረዋል። የብረት ብሎን አሉሚኒየሙን በነካበት ቦታ ደግሞ መበላሸቱ ይፈጥናል፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶችና ጨዋማ እርጥበት ሲገናኙ እንደ ባትሪ ሆነው አሉሚኒየሙ ይበላል።

ይህ ሁሉ የተፈጥሮ ነው፣ ማንም አያስቆመውም። ጣሪያው ላይ መውጣት ግን የሰው ነው። በጣሪያው ላይ የሚታዩት ሰርጉዶች የእግር ናቸው። ቀለበቶቹ የተሠሩት የበረራን ጫና እንዲችሉ እንጂ በሁለት ቀለበቶች መካከል የቆመ 80 ኪሎ ሰው እንዲሸከሙ አይደለም። አንዴ የጎደጎደ ላሜራ ውሃ ያቁራል፣ ውሃው ጨው ይይዛል፣ መበሳት ይጀምራል። እርጥብ አሉሚኒየም ደግሞ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ ከዚያ ከፍታ ወድቆ ክንዱን የሰበረ ሰው እርዳታ የሚያገኘው 4 ኪሎ ሜትር ተሻግሮ ከሚመጣ መኪና ነው። አትውጡበት። ልጆቻችሁንም አታውጡ። ከዚህ ማሽን ሰዎች በሕይወት ወጥተውበታል፤ ቢያንስ እስካለ ድረስ በክብር ይታይ።

ባሕሩ ጋ የሚሄድ ሰው ጀርባውን አይስጥ። የዚህ ጠረፍ ማዕበል ከአንታርክቲካ ጀምሮ መሬት የማያግደው ክፍት ውቅያኖስ ፊት ለፊት ነው፤ አሥር ትንንሽ ሞገድ ካለፈ በኋላ አሥራ አንደኛው ሳይታሰብ ሩቅ ይገባል። ዳርቻው ቁልቁል ስለሆነ የተመለሰው ውሃ ጠጠሩን ከእግር ሥር ይጠርጋል። በአቅራቢያው ያለው ሬይኒስፍያራ በዚህ ዓይነት ሞገድ ሰዎች የሞቱበት ዳርቻ ነው። እርጥቡ አሸዋ የት ድረስ እንደመጣ እዩና ከዚያ ብዙ ሜትር ርቃችሁ ቁሙ።

ስለ ካትላም አንድ ነገር። የመጨረሻው ትልቅ ፍንዳታዋ በ1918 ነበር፤ በጁላይ 1999ም ከሶልሄይማዮኩትል የበረዶ ግግር ድንገተኛ ጎርፍ ወርዷል። ሶልሄይማሳንዱር የጎርፉ መውረጃ ነው። ስልካችሁ የአይስላንድ ኔትወርክ እንዲይዝ አድርጉ፤ አደጋ ሲኖር መንግሥት በአካባቢው ላሉ ስልኮች ሁሉ አጭር መልእክት ይልካል። መልእክቱ ከደረሳችሁ ፎቶ ሳትጨርሱ ወደ መኪናችሁ ተመለሱና የተባላችሁትን አድርጉ። የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 ነው። የአውሮፕላኑን ነጥብ፣ 63.459 ሰሜንና 19.365 ምዕራብ፣ የማቆሚያውንም ነጥብ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ካርታ ላይ አስቀምጡ፤ አሸዋ ሲነሳ መንገዱ ከእግር ሥር ይጠፋል። ብርድ የስልክ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልኩን ከውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ጋር ያዙት።

ልብሱ ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ይሁን። ጂንስና የጥጥ ሹራብ አይሆንም። ጋቢ ለመኪናው ውስጥ ደስ ይላል፣ መንገዱ ላይ ግን ጥጥ ነው፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ ሙቀት አይዝም። ጃንጥላ በዚያ ነፋስ አንድ ደቂቃ አይቆይም። በሞቃቱ ወራትም ቢሆን መነጽር ያዙ፣ አሸዋው ዓይን ይገባል። ከኖቬምበር እስከ ማርች መንገዱ መስታወት የሚሆንበት ቀን አለና ጫማ ላይ የሚታሰር የጥርስ ሰንሰለት አስፈላጊ ነው። ዳርቻው ላይ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ሱቅ የለም። ፔርሙዝ ሻይና ኪስ ሙሉ ቆሎ በቂ ስንቅ ነው፤ ቆሎ አይቀዘቅዝም፣ ጓንት ሳያወልቁም ይዘገናል።

መኪና የተከራያችሁ፣ ይህን ልብ በሉ። ማቆሚያው ላይ ነፋሱ በር ገንጥሎ የሚያጥፍበት ቀን አለ፤ ብዙው የኪራይ ኢንሹራንስ በነፋስ የታጠፈ በርን አይሸፍንም፣ ሂሳቡም ከባድ ነው። ስትቆሙ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሩ፤ ያኔ ነፋሱ በሩን ይዘጋዋል እንጂ አይነጥቀውም። በሩን በሁለት እጅ ያዙ፣ ሁለት በር በአንዴ አትክፈቱ። የአሸዋና የአመድ ጉዳት ሽፋን ለብቻው የሚሸጥ ነው። በደቡብ ጠረፍ ለሚያድር ሰው መግዛቱን እንመክራለን፤ አሸዋ ያነሳ ማዕበል የመኪና ቀለምና መስታወት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይፍቃል።

ለቀኑ ፕሮግራም፣ ከሬይክያቪክ የሚነሳ ሰው አውሮፕላኑን ከስኮጋፎስና ከሴልያላንድስፎስ ፏፏቴዎች በፊት ቢያደርገው ይሻላል። ፏፏቴዎቹ ከመንገዱ አጠገብ ናቸው፣ ሲመለሱም ይታያሉ፤ ይህ ግን ብርሃንና ጉልበት ይጠይቃል። በዲሴምበር ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት አትሞክሩ፣ ቪክ ወይም ስኮጋር እደሩ።

ስትመለሱ መኪናው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ጫማችሁን አራግፉ፣ የጃኬታችሁንም ኪስ ገልብጡ። የካሜራ ሌንስ ላይ ያረፈውን ጥቁር ብናኝ በጨርቅ አትጥረጉት፤ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ አለበትና ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አየር ንፉበት፣ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቁን በመጨረሻ።